የፕሬዚዳንቱን ንግግር ማመልከቻ ላይ መጥቀስ ይረዳል ወይስ ጉዳይ ያበላሻል?

ባለ ጽሕፈቱ (አራት ኪሎ) | ማክሰኞ፣ ረፋድ 4፡10

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ፤ እንጀራዬ በአብዛኛው የሚወጣው ከማመልከቻ ነው። መስከረም ሊያልቅ ሲል ፓርላማው ይከፈታል። ፕሬዚዳንቱ ለሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ የመንግሥትን የዓመት ዕቅድ ያሰማሉ፤ በማግስቱ እኔ ጋ ሰልፍ ነው። ሰዉ ንግግሩን በሬዲዮ ይሰማና ለራሱ የምትሆነውን ቁራጭ ይዞ ይመጣል። አንዱ ስለ ፍትሕ የተባለችውን፣ ሌላው ስለ ሥራ ዕድል፣ ሌላው ስለ ቤት። ሁሉም “እሷን ከላይ አድርግልኝ” ይለኛል።

ዛሬ በጠዋት የመጡት እናት ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ቆሎ የሚሸጡ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ እግራቸው ያብጣል፤ በከተማው ሴፍቲኔት (ድሆችን በሚደግፈው ፕሮግራም) የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ መሆን ይፈልጋሉ። ርዕሱን እንኳ ራሳቸው ነገሩኝ፦ “ጉዳዩ፦ ፕሬዚዳንቱ በተናገሩት መሠረት እንድረዳ ስለመጠየቅ።” እማማ፣ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም ብላቸው “የአገር መሪ ቃል ውሸት ነው ልትለኝ ነው?” አሉኝ። ምን ልበላቸው? ዝም ብዬ ጻፍኩት። ብዙም ሳይቆዩ መልሰው አመጡት። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ አንብቦ ስቆ “ታዲያ ለፕሬዚዳንቱ ያስገቡት” ብሏቸዋል።

የሕግ ሰዎችና በመስኮቱ ወዲያኛው በኩል የተቀመጣችሁ፣ እስኪ ንገሩኝ። የፕሬዚዳንት ቃል ማመልከቻ ላይ ምን ያህል ይመዝናል?


የልደታዋ ጠበቃ | ማክሰኞ፣ 6፡30

በሕግ ሚዛን ምንም አይመዝንም። በሕገ መንግሥታችን ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ናቸው፤ አንቀጽ 71 የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ የጋራ ስብሰባ መክፈትን ከሥራዎቻቸው አንዱ ያደርገዋል። የአስፈጻሚነት ሥልጣን ግን በአንቀጽ 72 ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለሚኒስትሮች ምክር ቤት የተሰጠ ነው። ስለዚህ የመስከረሙን ንግግር ፕሬዚዳንቱ ያንብቡት እንጂ ዕቅዱ የመንግሥት ነው። ቆየት ብሎ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በንግግሩ ላይ የድጋፍ ሞሽን (የውሳኔ ሐሳብ) ያቀርባል፤ አባላቱ ይጠይቃሉ፤ የሚመልሱት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። ይህን እያየ ሰው ለምን ፕሬዚዳንቱን እንደሚጠቅስ አይገባኝም።

እኚያ እናት የሚጠቅሱት ካስፈለገ አንቀጽ 41 አለላቸው። መንግሥት አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት እንዲንከባከብ ግዴታ ይጥላል። ግን እሱም ቢሆን የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የምትል ማሰሪያ አለችው። ወረዳ ላይ የሚሠራው የፕሮግራሙ መመሪያ ነው። መመሪያውን ይዛችሁ ሂዱ።


ዜና ተከታታይ | ማክሰኞ፣ 6፡41

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ተዘጋ ውይይቱ።


አዛውንቱ ከባሻ ወልዴ | ማክሰኞ፣ 8፡05

አልተዘጋም። ልጄ ጠበቃዋ፣ የተናገርሽው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን እኚያ ሴትዮ ከየት እንደመጡ አላየሽም።

እኔ ያደግሁት ከፓርላማው ግርጌ ነው። በልጅነቴ ጃንሆይ በመኪና ሲያልፉ ሰው አቤቱታውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ መንገድ ላይ ይደፋ ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጥቶ፣ ፍርድ ቤት ተደራጅቶ እንኳ ንጉሡ ራሳቸው የሚዳኙበት ዙፋን ችሎት ነበረ፤ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተረታ ሰው እዚያ ድረስ ይሄዳል። አባቴ በርስት ክርክር ደጅ ሲጠና ዓመታት አልፈውበታል። ሰው ተደብዳቢ ሆኖ ድረሱልኝ ሲል “በኃይለ ሥላሴ አምላክ!” ይላል፤ የመታው ሰው እጁን ይሰበስባል። አንቀጽ አልጠቀሰ፣ ቁጥር አልጠራ። ስም ጠራ፤ ተዳነ።

እንግዲህ እማማ ያደረጉት ይህንን ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ የሳቀው እሳቸው ስላላወቁ መስሎታል። እሳቸው ግን ከእሱ አያት ጀምሮ ሲሠራ የኖረውን ነው የሞከሩት። ባይሠራ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም።


ባለ አሥር ቢሊዮኑ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20

ንግግር ወደ መሬት አይወርድም የምትሉ፣ እኔ የወረደበት ሰው ነኝ። ስሜም ከዚያ የመጣ ነው።

መስከረም 30 ቀን 2009 ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ፓርላማውን ሲከፍቱ ለወጣቶች የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ እንደሚቋቋም ተናገሩ። በዋዜማው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ አገሩ እንዴት እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እኔና ጓደኞቼ ንግግሩን የሰማነው አራት ኪሎ ሻይ ቤት ቆመን ነው። አንዱ “የተበጠበጠ ሁሉ ብር ሊሰጠው ነው” ብሎ ቀለደ። ነገሩ ግን ቀልድ አልሆነም። በዚያው ዓመት የፈንዱ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 995/2009 ወጣ። ንግግር፣ ከዚያ አዋጅ፣ ከዚያ በጀት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ። ስለዚህ ጠበቃዋ “ምንም አይመዝንም” ስትል እኔ ቅር ይለኛል።

የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ለብረታ ብረት ሥራ ተደራጀን። ሥልጠና ወሰድን፣ የንግድ ዕቅድ አስጻፍን (ሁሉም ቡድን አንድ ሰው ጋ ሄዶ ስለሚያስጽፍ የሁላችንም ዕቅድ አንድ ነበር፤ አንዱ ቡድንማ የእኛን ስም ሳያጠፋ አስገብቶታል)። ብሩ ተፈቀደ። የመሥሪያ ሼድ ግን የለም። ያለ ሼድ የብየዳ ማሽን የት ይተከላል? ማሽኑን ገዝተን በአንዱ አባል እናት ሳሎን፣ አልጋ ሥር አስቀመጥነው። ሼዱ የተገኘው አንዱ አባል ቤይሩት ከገባ፣ ሌላው ታክሲ መንዳት ከጀመረ በኋላ ነው። ብድሩ ደግሞ በጋራ ዋስትና ስለሆነ የጠፉትን ድርሻ የምንከፍለው የቀረነው ነን። አበዳሪው ተቋም ሲደውል የሚያገኘው ስልክ ያላጠፋውን ነው።

ፕሬዚዳንቱን አልወቅስም። እሳቸው የተናገሩት ሁሉ ሆኗል። ስለ ሼድ የተናገረ ሰው አልነበረም።


መስኮት ቁጥር አራት | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡50

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ የት እንደሆነ አልናገርም። ባለ ጽሕፈቱ ለጠየቅከው በቀጥታ ልመልስ፦ አትጥቀስ። ምክንያቱ ግን ጠበቃዋ ያለችው አይደለም።

ማመልከቻ ወደ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ገቢ ቁጥር ይሰጠዋል። ተራ ማመልከቻ ከሆነ ለባለሙያው ይመራል፤ ባለሙያው መመሪያውን አይቶ ይጨርሰዋል። ላዩ ላይ የፕሬዚዳንት ወይም የጠቅላይ ሚኒስትር ስም ካለበት ግን ባለሙያው አይነካውም። “ሰውየው ከኋላው ማን አለ?” ብሎ ይፈራል። “አቅጣጫ ይሰጥበት” ብሎ ወደ ኃላፊው ይመልሰዋል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ከስብሰባ ሲመለስ እሱም ይፈራል፤ ወደ በላይ አካል ይጽፋል። የዚያ ሰው ጉዳይ ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ ያልቃል፣ ካለቀ። ሰው ጉዳዩን ለማፋጠን የሚጽፈው ስም ነው ጠረጴዛ ላይ የሚያስተኛበት።

ስለ እማማ ደግሞ፣ የሳቀውን ባልደረባዬን ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ባላውቀውም። ግን በእውነቱ መስኮቱ ላይ ያለ ሰው ሴፍቲኔት ውስጥ ማንንም ማስገባት አይችልም። ተጠቃሚ የሚለየው በሰፈር ደረጃ ነው፤ ነዋሪዎች ያሉበት መልማይ ኮሚቴ ቤት ለቤት ያለውን ኑሮ አይቶ ይለያል፤ ከዚያ መረጃው ይጣራል። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ሥራ ይሰማራል፣ ጽዳት፣ አረንጓዴ ልማት፣ እንዲህ ያለውን። መሥራት የማይችለው፣ እንደ እማማ ያለው፣ ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ይገባል። “ተዘለልኩ” የሚል ሰው የሚሄደው ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ነው። ማመልከቻው የተጻፈው ለወረዳው ሥራ አስፈጻሚ ከሆነ፣ የፕሬዚዳንቱ ስም ባይኖርበትም ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር።


ባለ ጽሕፈቱ (አራት ኪሎ) | ረቡዕ፣ 5፡15

መስኮት ቁጥር አራት፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ሰው ማመልከቻውን ለማን እንደሚያስገባ ቢያውቅ ኖሮ የእኔ ገቢ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

እማማን ዛሬ ጠራኋቸውና እንደገና ጻፍን። “ለ፦ የከተማ ሴፍቲኔት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ። ጉዳዩ፦ በልየታ ወቅት ስላለመካተቴ ቅሬታ ስለማቅረብ።” ቀጥሎ ዕድሜ፣ ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ የጤና ጣቢያ ማስረጃ ተያይዟል፣ ልየታው ሲካሄድ ሆስፒታል ተኝተው እንደነበር። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ዋናዋ ሆና ሳለ ትናንት ሳይነግሩኝ ቀርተዋል፤ ፕሬዚዳንቱን ስንከራከር ዋለንና። በመጨረሻ “ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጠኝ” የምትል ጨመርኩ።

አንብቤላቸው ስጨርስ “የታሉ?” አሉ። ማን? “ፕሬዚዳንቱ።” ብዙ ተከራከርን፤ እንደማይለቁኝ ሳውቅ ከፊርማቸው በላይ አንዲት መስመር ሰጠኋቸው፦ መንግሥት ለአቅመ ደካሞች የገባውን ቃል መነሻ በማድረግ ይህንን አመልክቻለሁ። ስም የለም፤ ጠረጴዛ ላይም አያስተኛም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እሳቸውም ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙበት።


አዛውንቱ ከባሻ ወልዴ | ረቡዕ፣ 5፡40

አስታረቅካቸው። ጎሽ።


ከሜሪላንድ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

እዚህ ስምንት ሰዓት ላይ ተቀምጬ አነበብኳችሁ። ስለ ፕሬዚዳንት ንግግር ካነሳችሁ አንድ ልጨምር።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1964 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በኮንግረስ ፊት ቆመው በድህነት ላይ ጦርነት አወጁ። በዚያው ዓመት ኦገስት 20 የኢኮኖሚ ዕድል ሕጉን ፈረሙ። በ1965 ለድሃ ቤተሰብ ልጆች የቅድመ መደበኛ ትምህርት የሚሰጠው ሄድ ስታርት ተጀመረ፤ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሰዎች የሕግ አገልግሎት የሚሰጥ ፕሮግራምም በዚሁ ሕግ በተቋቋመው መሥሪያ ቤት ሥር ተከፈተ። ጁን 4 ቀን 1965 ደግሞ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተገኝተው ተናገሩ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ሰፈር በእግር የሚደረስ ግቢ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር፦ ዘመኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የኖረን ሰው ፈትቶ፣ ሩጫው መነሻ ላይ አቁሞ፣ ከሌሎቹ እኩል ተወዳደር ማለት ፍትሕ አይደለም። ዕድል መክፈት ብቻ አይበቃም፤ በሩን አልፎ መግባት የሚችልበት አቅም ያስፈልገዋል።

የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የሌላው ፓርቲ ሰው ሪቻርድ ኒክሰን መጡ። ከጆንሰን ፕሮግራሞች ብዙዎቹን አልወደዷቸውም። የድሆችን የሕግ አገልግሎት ራሱን የቻለ ኮርፖሬሽን የሚያደርገውን ሕግ ግን እሳቸው ፈረሙት፣ ጁላይ 1974፣ ሥልጣን ሊለቁ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው። እስከ ዛሬ አለ። በጀቱ ላይ በየጊዜው ይጨቃጨቃሉ፤ አለ ግን። እዚህ ፕሬዚዳንት ሲናገር ሰው “የሕግ ረቂቁ የታለ?” ይላል።


የልደታዋ ጠበቃ | ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡45

ወንድሜ ከሜሪላንድ፣ ምሳሌህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ተናጋሪውና ፈራሚው አንድ ሰው ነው። ኮንግረስ ያጸደቀውን ፕሬዚዳንቱ አልቀበልም ብሎ መመለስ ይችላል። እኛ ጋ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይቀርባል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል። አንቀጽ 57 ነው።

አዛውንቱ ስለ ስም መጥራት ያነሱት ቆይቶ ገባኝ። እኔም አንድ ላንሳ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ እስከ 1994 ፕሬዚዳንት ነበሩ። በየመስከረሙ ያንን ንግግር ያሰሙ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በ1997 ምርጫ በግላቸው ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ። የቀድሞ ፕሬዚዳንት በፖለቲካ ከተሳተፈ ጥቅማ ጥቅሙ ይቀርበታል የሚል አዋጅ አለ፣ ቁጥር 255/1994፤ ያ ተጠቅሶ ጥቅማ ጥቅማቸው ተቋረጠ። አዋጁ ፍትሐዊ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ በእኔ እምነት አልነበረም። ግን ልብ በሉ፦ አገር ያዳመጣቸው ሰው እንኳ አንዲት ቁጥር ስትመዘዝባቸው ንግግራቸው አላዳናቸውም። ለዚህ ነው ደንበኞቼን ቁጥር አምጡ የምለው።

ባለ አሥር ቢሊዮኑ፣ ቅር ማለትህ ልክ ነው። ንግግሩ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ ሊሆን አይችልም ለማለት ነው።


እትዬ ሸዋ | ሐሙስ፣ 7፡10

ሁላችሁም ስለ ወረቀት ብቻ ነው የምታወሩት። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ሣህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ ያደረጉትን ንግግር እኔ ከሴት ልጄ ጋር ነው የሰማሁት። ስለ ሴቶች ብዙ ተናገሩ፤ አበዛች የሚል ካለ ገና መጀመሬ ነው አሉ። ልጄ ሳቀች፤ ከዚያ ድምፁን ጨምሪው አለችኝ። በሳምንቱ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች ናቸው። እኔ ከባለቤቴ ስለያይ የንብረት ክርክሬን በነፃ የያዘልኝ ያ ማኅበር ነው፤ ከዚያ በፊት ጠበቃ ማለት ለእኔ ሱፍ የለበሰ ሰው ማለት ነበር።

ንግግሩ ሕግ አይደለም፣ እሺ። ሰው ግን መብት እንዳለው ሲነገረው ነው ለመጠየቅ የሚነሳው። እማማ ንግግሩን ባይሰሙ ኖሮ ባለ ጽሕፈቱ ጋ አይመጡም ነበር፤ ሆስፒታል ስለነበሩ መዘለላቸውንም ማንም አያውቅም ነበር። ጠበቃዬ ብታዪው፣ ቁጥሩን ይዞ የሚመጣ ሰው ንግግሩን ሰምቶ የተነሳ ሰው ነው።


የልደታዋ ጠበቃ | ሐሙስ፣ 7፡25

ይህንንስ አልከራከርም።


የካዛንቺስ ልጅ (አሁን ዳር) | ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

ጠበቃዋ ካለሽ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ከርዕሱ ከወጣሁ ይቅርታ።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ከተማው ዳር ምትክ ቤት ተሰጥቶን ሄድን። ቤቱ ደህና ነው፤ አላማርርም፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው፣ ውኃም አለ። ችግሬ መንገዱ ነው። የቀድሞ አሠሪዬ ያልከፈለኝን ደመወዝ ለመጠየቅ ልደታ ክስ አለኝ። ከካዛንቺስ ልደታ በአንድ ታክሲ እደርስ ነበር። አሁን ገና ሳይነጋ ወጥቼ፣ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ። ባለፈው ቀጠሮ ዝናብ ነበር፤ ሰልፉ አልንቀሳቀስ አለ፤ ችሎት ስደርስ መዝገቡ ተጠርቶ አልፏል። ሬጂስትራሯ “ከሳሽ ባለመቅረቡ ተዘግቷል” አለችኝ። ሌሎች ሰዎች እየገፉኝ ስለነበር ምን ማድረግ እንዳለብኝ እንኳ አልጠየቅኋትም። አለቀ ማለት ነው?


የልደታዋ ጠበቃ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡50

አላለቀም፤ ግን ቀኑ እየሄደብህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ከሳሽ ባለመቅረቡ የተዘጋ መዝገብ፣ ያልቀረበበት በቂ ምክንያት ካለው፣ በአንድ ወር ውስጥ አመልክቶ እንዲከፈት መጠየቅ ይችላል። መቼ ነው የተዘጋው?


የካዛንቺስ ልጅ (አሁን ዳር) | ሐሙስ፣ ማታ 1፡58

መስከረም 9።


የልደታዋ ጠበቃ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡10

እንግዲያው ገና ጊዜ አለህ፤ እስከ መጨረሻው ቀን ግን አትጠብቅ። የሚያስፈልግህ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ለምን እንዳረፈድክ የሚገልጽ ማመልከቻና ቃለ መሐላ ነው። ዝናብና ሰልፍ ብቻ ብለህ አትተወው፤ የመኖሪያ አድራሻህ መለወጡን፣ ከየት ተነስተህ በስንት ሰዓት እንደደረስክ፣ ችሎት ስትደርስ ሬጂስትራሯን ማነጋገርህን ጻፍ። የተሰጠህን የምትክ ቤት ደብዳቤ ቅጂ አያይዝ። ከክሱ በኋላ አድራሻህ ስለተለወጠ አዲሱን አስመዝግብ፤ አለበለዚያ መጥሪያ ካዛንቺስ ይፈልግሃል።

አቅም ከሌለህ ደግሞ ለሌላ ጊዜ እወቀው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል፤ ከወረዳህ ድሃ መሆንህን የሚያስረዳ ማስረጃ ታወጣለህ። እኛ የፌዴራል ጠበቆችም በዓመት የተወሰነ ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የመሥራት ግዴታ አለብን፤ ጠይቅ፣ አትፈር።


መስኮት ቁጥር አራት | ሐሙስ፣ ማታ 2፡25

የድህነት ማስረጃውን ስታወጣ ደብዳቤው ላይ ወጪ ቁጥርና ክብ ማኅተም መኖሩን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመህ አረጋግጥ። ቁጥር ሳይኖረው ወጥቶ ከፍርድ ቤት የተመለሰ ብዙ ወረቀት አይቻለሁ።


የካዛንቺስ ልጅ (አሁን ዳር) | ሐሙስ፣ ማታ 2፡31

ቃለ መሐላውን የሚጽፍ አለ ልደታ አካባቢ ወይስ አራት ኪሎ ልምጣ?


ባለ ጽሕፈቱ (አራት ኪሎ) | ሐሙስ፣ ማታ 2፡40

ልደታ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚጽፉ ሞልተዋል፤ ሦስት ታክሲ አትጨምር። ጽፈው ሲሰጡህ ግን የመዝገብ ቁጥሩን ራስህ አንብበህ ፈርም፤ እነሱ ሲቸኩሉ አሃዝ ያዛንፋሉ።